ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስከ ራያ ወዳጃ

በራያ ቆላ ስለ ሃይማኖት የሚነሣ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው በምስክርነት ነው። ወጣቱ ከመጽሐፍ ጠቅሶ፣ መምህሩ ያስተማረውን አስረድቶ፣ የአያቶቹ የወዳጃ ጸሎት ልማድ ለምን ስሕተት እንደሆነ በሚገባ ተንትኖ ሲያበቃ፣ ጥግ ተቀምጠው ቡና የሚቆሉት እናት «እኔስ ይችን ልጅ ያገኘኋት እዚያው ተስዬ ነው» ይላሉ። ነገሩ እዚያ ላይ ይቆማል። ወጣቱ አልተረታም፤ ጥቅሱ አሁንም እንደ ጸና ነው። እናቲቱም አልተረቱም፤ ልጅቱ ፊታቸው ቁጭ ብላለች። ሁለቱ ስለ አንድ ጉዳይ የተነጋገሩ ቢመስልም የመለሱት ለየቅል ጥያቄ ነው። እሱ «ትክክል ነው ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ያህል ሲናገር፣ እሳቸው ደግሞ «ምን ሆነልዎ?» የተባሉ ያህል መለሱ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሰው በጸሎቱ ውስጥ የደረሰበት ነገር ለራሱ ከማንኛውም ሙግት የበረታ ምስክር ነው፤ ማንም «አልሆነልህም» ሊለው አይችልም። ያ ምስክር ግን ባለቤቱን በጎረቤቱ ላይ ዳኛ አያደርገውም። ክርክርም የራሱ ድርሻ አለው። ስሕተትን ይለያል፣ ማታለልን ያጋልጣል፣ ነገር ግን አንድን ሰው ልቡን ከነካው ነገር ማላቀቅ አይሆንለትም። ይህን ለማየት ከራያና ከወሎ የተሻለ አገር አላውቅም፤ ሁለቱም መንገዶች እዚህ እስከ መጨረሻቸው ተሞክረዋልና።

ቆቦ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከወልዲያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የተቀመጠች የሜዳ ከተማ ናት። በምዕራብ የላስታ ተራሮች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ከአፋር ምድር ይለያታል። መካከሉ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ለም ሜዳ ነው፤ ዝናቡ ግን አይታመንም። ስለዚህ የራያ ገበሬ ከደጋው ተንደርድሮ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሳውን ሲያጠጣ ኖሯል። በራሱ ሰማይ ላይ ደመና ሳይታይ ደጋው ላይ የዘነበው ውሃ በድንገት ሊደርስለት ይችላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሰማዩ ጠቁሮ ጠቁሮ ምንም ሳይሰጥ ይገፈፋል። እንዲህ ባለ ምድር ጸሎት የእርሻ ሥራ አካል ነው። ዝናብ ሲዘገይ ክርስቲያኑ ለምህላ ይጠራል፣ ሙስሊሙ ሜዳ ወጥቶ ዱአ ያደርጋል። ሁለቱም የሚለምኑት ለአንድ ሜዳ ነው፤ ብዙ ጊዜም የአንድ ዘር ልጆች ናቸው። አጎቱ ሼክ፣ የአክስቱ ልጅ ቄስ የሆነ ሰው በወሎ ምድር ብርቅ አይደለም።

ይህ አብሮነት ግን ሳይፈተን የኖረ እንዳይመስለን። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደሴ በስተሰሜን በሚገኘው ቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ ጠሩ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኙ። የመጀመሪያው አጀንዳ የክርስቲያኑ የራሱ ነበር። የክርስቶስን ልደት ሁለት የሚሉት የተዋሕዶ ሊቃውንትና ሦስት የሚሉት የጸጋ ሊቃውንት ለብዙ ትውልድ ሲወጋገዙ ኖረዋል፤ በዚህ የተነሣ ገዳም ከገዳም፣ አውራጃ ከአውራጃ ተለያይቷል። በቦሩ ሜዳ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ቀረቡ። ለተዋሕዶ ከተሟገቱት መካከል ስማቸው የገነነው የቦሩ ሥላሴው መምህር አካለ ወልድ ነበሩ። ሙግቱ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ተደረገ፣ ተዋሕዶ ረታ፣ ሦስት ልደት ተወገዘ።

ሊቃውንቱ የተከራከሩበት ጉዳይ ቀላል አልነበረም። የክርስቶስ ሥጋ በመለኮት የከበረው በተዋሕዶ ነው ወይስ በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት የሚለው ጥያቄ ለአማኙ የመዳኑ ጉዳይ ነው፤ በዚያ ላይ የፈሰሰው ዕውቀት፣ የግዕዙ ጥልቀት፣ የትርጓሜው ጥበብ ዛሬም ያስደንቃል። ሊቃውንት በመከራከራቸው አገር አትጎዳም። ጉዳቱ የመጣው ዳኛው ባለ ሰይፍ ስለነበረ ነው። ንጉሥ የሚፈርድበት የሃይማኖት ሙግት የተረታውን ወገን ወደ ቤቱ እንዲሁ አይሸኘውም።

ከጉባኤው ጋር ተያይዞ የወጣው ትእዛዝ ደግሞ ከክርስቲያኑ አልፎ ሙስሊሙን ያዘ። ሹመት ያለው የወሎ ሙስሊም ወይ እንዲጠመቅ ወይ ሹመቱን እንዲለቅ ተባለ፤ ቀጥሎ ተራው ሕዝብ ተገደደ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ እኒህ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት ናቸው። አባ ዋጠው የሚባሉት አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሌሎች እምቢ አሉ። ሼክ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር በአመፅ ተነሡ፤ ብዙ ሰው አገሩን ጥሎ ተሰደደ። የቀረውም ቀን ቀን ክርስቲያን ሆኖ ታየ፣ ሌሊት ሌሊት ሰገደ። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ የግዳጁ ጉልበት አብሮ ላላ፤ ብዙው ወደ አባቶቹ ሃይማኖት ተመለሰ።

ታዲያ በእነዚያ ዓመታት እምነቱን ይዞ ያቆየው ምንድር ነው? መድረሳው ተበትኗል፣ ሊቁ ተሰድዷል፣ አደባባይ ወጥቶ የሚከራከር የለም። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ታሪካቸው በጉልህ ያሳዩት የአገሬውን ተወላጅ ሼኮች ድርሻ ነው፤ አብዛኞቹም የሡፊ ጠሪቃ (የመንፈሳዊ መንገድ ማኅበር) ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሃይማኖቱን በመጽሐፍ ብቻ አላስተማሩትም። በየጁ ዳናን የመሠረቱት ሼክ አሕመድ ቢን አደም፣ ከእሳቸው ቀደም ብሎ በአልብኮ ጃማ ንጉሥን የመሠረቱት ሼክ መሐመድ ሻፊ፣ ከፊቅሁ (ከሃይማኖቱ ሕግ ትምህርት) ጎን ዚክሩን (የአላህን ስም ደጋግሞ መጥራቱን)፣ ከንባቡ ጎን መንዙማውን አኖሩ። ፊቅህ መምህር ይፈልጋል። ዚክር ግን አንዴ ልብ ውስጥ ከገባ በጨለማ ቤት፣ በሹክሹክታም ይቀጥላል። በኔ ግምት ትእዛዙ ያልደረሰበት ቦታ ይህ ነው።

ወዳጃ የሚባለው የቤት ውስጥ ዱአም በዚሁ መንገድ የኖረ ነው። የታመመ ካለ፣ የምትወልድ ካለች፣ ዝናብ ከቀረ፣ መንገደኛ ከዘገየ ወዳጃ ይያዛል። ቤቱ ይጎዘጎዛል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ቡናው ይፈላል። አቦሉ ሲወርድ ምርቃት፣ ቶናው ሲወርድ ምርቃት፣ በረካው ሲወርድ ምርቃት። ሼኩ ወይም በዕድሜ የገፋው ሰው ያስጀምራል፣ ቤቱ በሙሉ «አሚን» ይላል። መንዙማ ሲገባ ድቤው ይመታል፣ ጭብጨባው ይከተላል፤ የነቢዩ ውዳሴ በአማርኛ፣ ሰሚው ሁሉ በሚያውቀው ቃል ይወርዳል። ሰዎች ያለቅሳሉ። ስንት ዓመት ያላወሩትን በደል የሚያወሩ አሉ። ሲወጡ «ምን አገኛችሁ?» ብትሏቸው ስለ እምነት አንቀጽ አይነግሯችሁም፤ «ቀለለኝ» ነው የሚሏችሁ። የክርስቲያን ጎረቤት ለዚህ ወዳጃ ቡና ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ሙስሊሟም በጭንቅ ቀን ለማርያም የተሳለችውን ዕጣን ለቤተ ክርስቲያን ትልካለች። ዶግማውን የሚጠብቁ ሰዎች፣ በሁለቱም ወገን፣ ይህ እንደሚያስጨንቃቸው አውቃለሁ፤ ጭንቀታቸውም መሠረት አለው፣ እመለስበታለሁ።

የቀመሰ ሰውና የሚከራከር ሰው ልዩነት በራያ የተፈጠረ ነገር አይደለም። በሙስሊሙ ዓለም ይህን ከማንም በላይ በግልጽ የጻፉት ኢማም አል-ገዛሊ ናቸው። በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ ታላቅ መምህር ነበሩ፤ ፈላስፎችን በገዛ መሣሪያቸው የሞገቱ፣ በክርክር ተወዳዳሪ ያጡ። እ.ኤ.አ. በ1095 ግን ምላሳቸው ተሳሰረ። ሊያስተምሩ ተቀምጠው ቃል አልወጣ አላቸው፤ ምግብ አልዋጥ አላቸው፤ ሐኪሞቹ ሕመሙ የልብ ነው ብለው እጅ ሰጡ። ወንበሩንም ክብሩንም ትተው ወደ ደማስቆ፣ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ መካ ሄዱ። «አል-ሙንቂዝ ሚነ አድ-ደላል» በተባለው የሕይወት ታሪካቸው እንዳስረዱት፣ የሡፊዎችን መጻሕፍት አንብበው በንባብ የሚደረስበትን ሁሉ ደርሰውበት ነበር፤ የቀረው በመቅመስ ብቻ የሚገኝ ነው። የጤናን ትርጉም ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ጤነኛ መሆን ሌላ ነገር። የታመመ ሐኪም ስለ ጤና ሁሉን ያውቃል፤ የሌለው ጤናው ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። አል-ገዛሊ ከቀመሱ በኋላ ክርክርን አልጣሉትም። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው በኒሻፑር እንደገና ማስተማር ጀመሩ፣ መጻፋቸውንም ቀጠሉ፣ የሡፊው ልምድ ከሸሪዓው ጋር መስማማት እንዳለበት አጥብቀው ያዙ። «ልቤ አየ» የሚል ሰው ሁሉ ሶላቱን እንዲተው አላሰናበቱትም። የወሎ ታላላቅ ሼኮችም ፊቅሁንና ዚክሩን በአንድ ጣሪያ ሥር ያዋሉት በዚሁ መስመር ስለሄዱ ነው።

በክርስቲያኑ ወገን ያለው ምሳሌ ደግሞ ይበልጥ የሚገርም ነው፤ ሰው ሲያነሣው ግን ብዙም አልሰማሁም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት አራት ጉባኤያት አሉት፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መጻሕፍተ መነኮሳት። በሊቃውንቱ ጉባኤ ክርክሩ አለ፤ ቄርሎስ፣ ሃይማኖተ አበው፣ የንስጥሮስ ውግዘት። በመነኮሳቱ ጉባኤ ሦስት መጻሕፍት አሉ፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስ፣ አረጋዊ መንፈሳዊ። እነዚህ ሦስቱ ስለ ጸሎት፣ ስለ እንባ፣ ስለ ዝምታ፣ ሐሳብን ስለ መጠበቅና ልብ ስለሚያየው ብርሃን ይናገራሉ።

የጻፏቸው ሰዎች እነማን ነበሩ? ማር ይስሐቅ የ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ነው። ዛሬ ኳታር በሚባለው አገር አካባቢ ተወልዶ የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ አምስት ወር ያህል ቆይቶ ሹመቱን ተወና ወደ ተራራ መነኮሳት ወጣ። አረጋዊ መንፈሳዊ የሚባለው ዮሐንስ ሳባ የ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መናኝ ነው፤ ስለ ልብ ራእይ በጻፈው ምክንያት የራሱ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ አውግዞት ነበር። ፊልክስዩስ በሚል ስም የሚጠራው መጽሐፍም፣ የዘመናችን ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ መሠረቱ ዳዲሾ የተባለ ሌላ የኳታር አካባቢ መነኩሴ የጻፈው ትርጓሜ ነው። ሦስቱም በፋርስ ምድር የነበረችው የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው። ተቃዋሚዎቿ «የንስጥሮስ ወገን» የሚሏት ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። በአንዱ ጉባኤ ንስጥሮስን የሚያወግዘው ተማሪ በሌላው ጉባኤ የዚያችን ቤተ ክርስቲያን መናንያን እንደ አባቶቹ ያነብባል።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በከፊል ባለማወቅ ነው፤ መጻሕፍቱ ከሱርስት ወደ ዓረብኛ፣ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ሲሻገሩ የጸሐፊዎቹ ማንነት ደብዝዟል፣ ስምም ተለዋውጧል። ያ ብቻ ግን አይመስለኝም። ማር ይስሐቅን ያነበበ መናኝ መጽሐፉ ውስጥ የራሱን ትግል አገኘው፤ ሌሊት ሲቆም የሚመጣበትን ሐሳብ፣ ሳይጠራ የሚመጣውን እንባ፣ ቀጥሎ የሚከተለውን ድርቀት። ስለ ሁለቱ ባሕርያት ሲጠየቁ የማይስማሙ ሰዎች ስለ እነዚህ ሲናገሩ ተግባቡ። በቦሩ ሜዳ ቢገናኙ ኖሮ ይወጋገዙ የነበሩ ሰዎች በአንድ መደርደሪያ ላይ ሺህ ዓመት አልፏቸው በሰላም ይነበባሉ። የተዋሕዶ አባቶች ይህን በማቆየታቸው ትልቅ ሥራ ሠርተዋል ብዬ አምናለሁ።

እነዚሁ መጻሕፍትና የገዳሙ ሥርዓት ግን ስለ ልምድ ጠንቃቆች ናቸው። ብርሃን አየሁ የሚል ጀማሪ ወዲያው አይደነቅለትም። ለመምህሩ ይናገር ይባላል፤ ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ ሊመጣ እንደሚችል ከቅዱስ ጳውሎስ ተምረዋልና። ያየው ነገር ትዕቢት ካመጣበት፣ ከወንድሞቹ ካራቀው፣ ምግብና እንቅልፍ ነሥቶ ካበሳጨው ተው ይባላል። ሰውየው ያየውን ማየቱን ማንም አይክድም፤ የሚመረመረው ያየው ነገር ምን እያደረገው እንደሆነ ነው።

ከዚህ ጋር የሚገናኝ ሐሳብ ከሌላ አቅጣጫ የመጣው ከአሜሪካዊው ፈላስፋና የሥነ ልቡና ሊቅ ዊልያም ጄምስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 እና 1902 በኤዲንብራ በሰጣቸውና በመጽሐፍ በወጡት ትምህርቶቹ ከብዙ ሃይማኖት የተሰበሰቡ የሰዎችን ምስክርነት አጥንቷል። የደረሰበትን ባጭሩ ብናስቀምጠው፣ እንዲህ ያለ ልምድ ላገኘው ሰው ሥልጣን አለው፣ ሊኖረውም ይገባል፤ ላላገኘው ሰው ግን ያለ ጥያቄ እንዲቀበለው የሚያስገድድ ሥልጣን የለውም። በመጨረሻም የሚመዘነው በሕይወት ላይ ባፈራው ፍሬ ነው። ጄምስ በጻፈበት ጊዜ ይህ ለዩኒቨርሲቲው ሰው አዲስ ነገር ነበር፤ ገዳሙና የሡፊው ዛዊያ ግን ቀድመው ያውቁታል።

ጄምስ ያላተኮረበት አንድ ነገር አለ፤ ልምድም ይለመዳል። የሥነ ሰብእ ተመራማሪዋ ታንያ ሉርማን እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በአሜሪካ የወንጌላውያን ምእመናን እግዚአብሔር ሲናገራቸው መስማትን በልምምድ፣ በጸሎት ቡድንና በትዕግሥት እንደሚማሩ አሳይታለች። አንድ ሰው ልቡ ውስጥ ከሚመላለሰው ብዙ ሐሳብ መካከል የትኛው ከራሱ፣ የትኛው ከእግዚአብሔር እንደሆነ መለየትን ከሌሎች ይማራል። በራያም ያው ነው። ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወዳጃ ውስጥ ያድራል፤ በየትኛው ቃል ላይ አሚን እንደሚባል፣ የትኛው ዜማ ላይ ልብ እንደሚከፈት ሳያውቀው ይማራል። የቤተ ክርስቲያን ልጅም ከበሮና ጸናጽሉን፣ «እግዚኦ» የሚለውን ዜማ በአጥንቱ ያስገባዋል። ስለዚህ «እኔ እምነት አልልም፣ ያየሁትን ብቻ ነው የምለው» የሚል ሰው ሙሉውን አልተናገረም። ያየበትን ዓይን የሰጠው ያ የተማረው እምነት ነው። ክርስቲያኑ በጭንቁ ሌሊት ማርያምን ያያል፣ ሙስሊሙ ሼኩን፤ ተቀያይሮ የሚያይ ብዙ አይገጥምም። ይህ ልምዱን ሐሰት አያደርገውም፤ ለክርክሩ ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርበውን ሰው ግን ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል።

የልምድ ምስክርነት ከባዱ ፈተና ግን ሌላ ነው፤ የቀሩት ሰዎች ዝምታ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ማሽላውና ጤፉ ሊሰበሰብ ሲል የበረሃ አንበጣ መንጋ ራያ ቆቦን ወረረ። ሕዝቡ ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ እየጮኸ፣ እየጸለየ ተከላከለ። መንጋው አንዱን ማሳ ዘልሎ ሌላው ላይ ሲያርፍ፣ የተረፈለት ሰው «ጸሎቴ ተሰማ» አለ፤ ማን ይከለክለዋል? ከድንበሩ ወዲያ ያለው ጎረቤቱ ግን ያነሰ አልጸለየም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከራያ ሜዳ በላይ ባለው ኮረም የተሰበሰበውና ዓለም በቴሌቪዥን ያየው ርሃብተኛም የለመነ ሕዝብ ነበር፤ የሞቱት ምስክርነታቸውን አልሰጡም። ስለዚህ «ለምኜ አገኘሁ» የሚል ሰው ምስጋናው ይገባዋል፤ «ያላገኘው ስላልለመነ ነው» ማለት ከጀመረ ግን ምስክርነቱ ወደ ፍርድ ተለውጧል፤ ያ ፍርድ ደግሞ ጭካኔ ነው። እዚህ ላይ ለስላሳ መሆን አልችልም።

ክርክር የማይቀርበት ሌላም ቦታ አለ። ጸበል ተጠምቆ የዳነ ሰው በኢትዮጵያ ብዙ ነው፤ ምስክርነቱን ሰምተው መድኃኒታቸውን አቋርጠው የሞቱም አሉ። የኤችአይቪ መድኃኒት መሰጠት በጀመረበት ዘመን በእንጦጦ ጸበል ዙሪያ ይህ የብዙ ሰው የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ መከሩ። ይህ ምክር የማንንም ሰው የፈውስ ምስክርነት አልሻረም። ምስክርነቱ ያልተናገረውን፣ ማለትም ሌላው ሰው ክኒኑን ይጣል የሚለውን፣ ከላዩ ላይ ገፈፈለት። የዳነ ሰው መዳኑን ያውቃል፤ በምን ምክንያት እንደዳነና ሌላው እንዴት እንደሚድን ግን ከራሱ ልምድ ብቻ ሊያውቅ አይችልም። ለዚያ ሐኪም፣ ቁጥር፣ ክርክር፣ የብዙ ሰው ምስክርነት ጎን ለጎን መቀመጥ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ወጣት ልመለስ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ መጽሐፉ፣ ካሴቱ፣ ኋላም ስልኩ እንደልብ ሲገባ በወሎም ሆነ በራያ አዲስ ሙግት መጣ። የተማረው ሙስሊም ወጣት ስለት ለአላህ ብቻ ነው፣ መቃብር ላይ መማጸን ሺርክ (በአላህ ላይ ማጋራት) ነው፣ ወዳጃው በነቢዩ ዘመን አልነበረም ይላል። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣትም የአያቱ አድባርና ቆሌ ከወንጌል ጋር አይሄድም ይላል። ሁለቱም ከየመጽሐፋቸው የሚያቀርቡት ማስረጃ ቀላል አይደለም፤ ሃይማኖታቸውን በሚገባ ያወቁ ሰዎች ጥያቄ ነው። በወዳጃው ስም ለጫት የሚወጣውን ገንዘብ፣ በአዋቂ ነኝ ባይ የሚበዘበዙትን እናቶች ማንሣታቸውም ተገቢ ነው። እኔ የማልስማማው እናቲቱ የነገሩትን እንደ ውሸት ወይም እንደ አላዋቂነት ሲቆጥሩት ነው። «ተሳስተሻል» ከማለታቸው በፊት «በዚያ ሌሊት ምን ሆንሽ?» ብለው የጠየቁ ስንቶች ናቸው? ሴትዮዋ ልጅ ከማግኘታቸው በፊት ስንት ዓመት ብቻቸውን እንዳለቀሱ፣ በዚያ ወዳጃ ስንት ሴቶች አብረዋቸው አሚን እንዳሉ ያልሰማ ሰው፣ የሚያፈርሰውን ነገር ገና አላየውም።

በራያ ይህን ሁሉ የሚያገናኝ አንድ ሥራ አለ፤ ደም ማድረቅ። ሜዳው መሣሪያ የማይጠፋበት ነው፤ በድንበር፣ በውሃ፣ በግጦሽ የጀመረ ጠብ ሰው ሲበላ በቀሉ ቤተሰብ ከቤተሰብ እያያያዘ ይሄዳል። ይህን የሚያበርዱ አበጋሮችና ዘወልድ የሚባሉ የእርቅ ሽማግሌዎች አሉ። ሙስሊምም ክርስቲያንም ይቀመጡበታል። በአበጋሩ ምርቃትና እርግማን የሚያምነው ሰው ብዙ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ጸጋ እንደሆነ ይነገራል። በእርቁ ላይ ቡናው አለ፣ ዱአው አለ፣ መሐላው አለ፤ ገዳይ ወገን ይቀርባል፣ ካሳው ይቆረጣል፣ ይመረቃል። የሟች ወንድም እዚያ ላይ የሚደርስበትን ነገር በቃል መግለጽ አይቻልም፤ ጠመንጃውን ዘቅዝቆ የሚያለቅስ አለ። የሃይማኖት ሊቅ ቢቀመጥ ስለ ሥርዓቱ ብዙ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል፤ አንዳንዱም መነሣቱ አይከፋም።

ሽማግሌዎቹ ግን የሰውየውን እንባ አይተው ነገሩ አለቀ አይሉም። ከዚያ በኋላ ያለውን ያያሉ። ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ ገበያ ይውላሉ? ከብቶቻቸው በአንድ ውሃ ይጠጣሉ? ለቀብር ይደራረሳሉ? የሟች እናት የገዳይ እናት የምትልከውን ቡና ትቀበላለች? ይህ ሆኖ ከታየ እርቁ ይዟል። ካልያዘ ግን ምርቃቱ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ በዚያ ቀን የቱንም ያህል ቢለቀስ፣ ሽማግሌዎቹ እንደገና ተጠርተው ይቀመጣሉ።